ኦካቫንጎ ዴልታን ለመጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቦትስዋና ውስጥ ያለውን የኦካቫንጎ ረግረግ ለማየት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ወሮቹንም ሰዓቶቹንም በእኛ አቆጣጠር ጽፈናል፤ ዓመቶቹ ግን እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። የአውሮፕላን ወይም የካምፕ ወረቀት ላይ 06:00 ካለ ከንጋቱ 12 ሰዓት ማለት ነው። በዚያ ላይ ቦትስዋና ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በዚህ ቀላል ነገር አውሮፕላን ያመልጣል።

ኦካቫንጎ ሐይቅ ነው፣ ወንዝ ነው ወይስ ረግረግ?

ወንዝ ነው፤ ግን ባሕር የማይደርስ ወንዝ። አዋሽ አፋር ገብቶ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀረው ሁሉ፣ ኦካቫንጎም ከአንጎላ ደጋ ወርዶ፣ ናሚቢያን በጠባቡ በኩል አቋርጦ፣ ሰሜን ምዕራብ ቦትስዋና ሲደርስ የካላሃሪ አሸዋ ላይ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ተበትኖ ይቀራል፤ ዴልታ የሚሉት ይህን የተበተነበትን ቦታ ነው። አገሩ ድፍን ሜዳ ነው፤ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ የሚወርደው 60 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከታች በኩል ደግሞ ምድር የተሰነጠቀበት መስመር እንደ ግድብ ያቆመዋል። የሥነ ምድር ሰዎች ይህን ስንጥቅ የእኛው ስምጥ ሸለቆ ደቡብ ምዕራባዊ ቅጥያ አድርገው ያዩታል። በትልቅ ሙላት ጊዜ ውሃው የሚሸፍነው መሬት ከጣና አራት እጥፍ ይበልጣል። ዩኔስኮ በ2014 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው በመዝገቡ 1,000ኛው ቦታ ሆኗል።

ውሃው መውጫ ከሌለው ለምን ጨዋማ አልሆነም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አቤ ጨዋማ ነውና። ከሚገባው ውሃ አብዛኛው፣ ከመቶ 95 በላይ፣ በፀሐይና በዕፅዋት በኩል ወደ ሰማይ ይመለሳል። ጨው ደግሞ አይተንም። ምስጢሩ ደሴቶቹ ላይ ነው። አንድ ደሴት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምስጥ ኩይሳ ነው። ኩይሳው ከሙላቱ በላይ ስለሚቀር ወፍ ያርፍበታል፤ ከኩሱ ጋር የወደቀው የሾላ ወይም የዘንባባ ፍሬ ይበቅላል። ዛፎቹ በሥራቸው ውሃውን ወደ ደሴቱ ይስቡና ጨውን ከመሬት ሥር ይተዉታል። ዓመታት ሲያልፉ ጨው መሃሉ ላይ ይከማቻል፤ ዳሩ ለምለም ዛፍ፣ መሃሉ ግን ነጭ ቅርፊት የሠራ፣ ሣር እንኳ በቅጡ የማይበቅልበት ራቁት መሬት ይሆናል። በትንሽ አውሮፕላን ሲያልፉ ወደ ታች ይመልከቱ፤ አረንጓዴ ቀለበት ውስጥ ነጭ ሳህን የተቀመጠ ይመስላል። ዙሪያው ያለው ውሃ ጣፋጭ ሆኖ የቀረው ጨዉ እዚያ ስለታሰረ ነው።

የትኛው ወር ይሻላል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ረግረግ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል የሚሞላ፣ ሲያባራ የሚጎድል ይመስለዋል። ኦካቫንጎ ተቃራኒው ነው። ዝናቡ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አንጎላ ደጋ ላይ ይወርድና ውሃው ቀስ እያለ ጉዞ ይጀምራል። የዴልታው መግቢያ የሆነችው ሞሄምቦ ላይ ሙላቱ የሚበረታው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ከዚያ በኋላ በሸምበቆና በሣር መሃል ስለሚሾልክ የሰው እርምጃ እንኳ ይቀድመዋል፤ ከዴልታው ግርጌ ያለችው ማውን ከተማ የሚደርሰው በሰኔና በሐምሌ ነው። ያኔ ቦትስዋና ደረቅ ወቅት ላይ ናት፤ ሰማዩ ጠብታ አያወርድም፣ ወንዙ ግን ይሞላል።

ስለዚህ ምርጫው እርስዎ ማየት በሚፈልጉት ይወሰናል። ታንኳና ውሃ የሚፈልግ ሰው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይሂድ፤ ዋጋውም የሚወደደው ያኔ ነው። ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፣ በክፍት መኪና ማለዳ ሲወጡ ደግሞ ነፋሱ ይጨምርበታል። «አፍሪካ ሙቀት ነው» ብሎ በቲሸርት የመጣ ሰው ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይውላል። ጋቢ ከሻንጣዎ አይጉደል።

አውሬ በብዛት ማየት የሚፈልግ መስከረምና ጥቅምትን ይምረጥ። ውሃው እየሸሸ፣ ዱሩ እየደረቀ ሲሄድ ዝሆኑም ጎሹም በቀሩት ኩሬዎች ዙሪያ ይሰበሰባል። ሙቀቱ ግን ወደ 40 ዲግሪ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ ከጥላ መውጣት ያስቸግራል። ውሃው ወደ ቦዮቹ ሲሰበሰብ አምባዛ ዓሣ በመንጋ እየተጋፋ ትናንሽ ዓሦችን የሚያሳድደውም በዚህ ወቅት ነው። ውሃው የፈላ ይመስላል፤ ሽመላውና ንስሩ ከላይ ይጠብቃል።

ከኅዳር እስከ የካቲት የአካባቢው ዝናብ ነው። ዋጋ ይቀንሳል፣ ከሩቅ የሚመጡ ወፎች ይበዛሉ፣ ግልገል ይወለዳል። በአንጻሩ ሣሩ ረጅም ስለሚሆን አውሬ ይሸሸጋል፣ መኪናም ጭቃ ይይዘዋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሙላቱ ከዓመት ዓመት በጣም ይለያያል። በ2019 ውሃው እጅግ አንሶ ነበር፤ ከ2009 እስከ 2011 ደግሞ ለብዙ ዓመታት ያልታየ ሙላት መጥቶ ነበር። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ካምፑን «እኔ በምመጣበት ወር ሞኮሮ (የአካባቢው ታንኳ) ይንቀሳቀሳል ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። «የውሃ ካምፕ» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ከአዲስ አበባ እንዴት ይደረሳል?

መነሻው ማውን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ጋቦሮኒ ይበራል፤ ከጋቦሮኒ በአገር ውስጥ በረራ ማውን ይገባል። ሌላው መንገድ በጆሃንስበርግ ነው። በጆሃንስበርግ ሲያልፉ ሁለቱ ቲኬቶች በአንድ ላይ የተቆረጡ ይሁኑ። ለየብቻ ከተቆረጡ ሻንጣዎን ለመውሰድ ኢሚግሬሽን አልፈው መውጣት ይኖርብዎታል፤ ያን ጊዜ የደቡብ አፍሪካ ቪዛ የሌለው ሰው እዚያው ይቀራል።

የቦትስዋና ቪዛ እንደያዙት ፓስፖርት ይለያያል፤ የኢትዮጵያ፣ የእስራኤልና የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙ የአንድ ቤተሰብ አባላት አብረው ከሄዱ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ማጣራት ነው። ለሁሉም የማይቀረው የቢጫ ወባ ካርድ ነው። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ከዚህ የተነሳ መንገደኛ ካርዱን ይጠየቃል። ክትባቱ ዋጋ የሚኖረው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በመሄጃ ዋዜማ መወጋት አይጠቅምም።

ሻንጣን በተመለከተ ለምን ይህን ያህል ጥብቅ ይሆናሉ?

ከማውን ወደ ውስጥ የሚወስድዎት ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ነው። ዕቃው የሚገባው ከሆዱ ሥር ባለ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው። የተለመደው ጣሪያ የእጅ ቦርሳን ጨምሮ 20 ኪሎ ነው፤ ከዚያ የሚያንስም አለ። ከኪሎው ይልቅ ሰው የሚያስቸግረው የሻንጣው ዓይነት ነው፤ ጠንካራ ክዳንና ጎማ ያለው ሻንጣ 12 ኪሎ ቢሆንም በሩ አያስገባውም። ሲጫኑት የሚታጠፍ የጨርቅ ቦርሳ ይያዙ፤ ትልቁን ማውን ላይ በአደራ ማስቀመጥ ይቻላል። ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ ተጓዥ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ አውሮፕላኑ ሚዛን ተሰልቶለት ነው የሚነሳው። ከሰዓት በኋላ ከሞቀው መሬት የሚነሳው አየር ያናውጣል፤ ሆድዎ የሚረበሽ ከሆነ የጠዋቱን በረራ ይምረጡ።

ልብስ ላይ አይጨነቁ፤ አብዛኞቹ ሎጆች በየቀኑ ያጥባሉ።

ሞኮሮ ምንድን ነው? ለጉማሬ አያጋልጥም?

ሞኮሮ የአካባቢው ጠባብ ታንኳ ነው። ዱሮ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ግንድ ይፈለፈል ነበር፤ አሁን ዛፉን ለማዳን ሲባል አብዛኛው ከፋይበርግላስ ይሠራል። ሁለት ሰው ወለሉ ላይ ፊትና ኋላ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ፣ ንጋሺ በሚሉት ረጅም ዘንግ መሬቱን እየገፋ ይነዳል። የጣና ታንከኞች ሥራ ለሚያውቅ አዲስ አይሆንበትም። ልዩነቱ በጣና ደንገሉ ራሱ ታንኳ ይሆናል፤ እዚህ ግን ያው ደንገል ጥልቁን ቦይ ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ያጥረዋል፣ ሞኮሮው ደግሞ ወገብ በማይደርስ ውሃ፣ በሣርና በውሃ አበባ መሃል ይሄዳል። ሞተር የለም። የሚሰማው ንጋሺው ውሃ ሲነካና የአበባው ግንድ ከሥር ሲፋቅ ብቻ ነው። ዝቅ ብለው ስለተቀመጡ ዓይንዎ ከሸምበቆው ጋር እኩል ይሆናል፤ አውራ ጣት ጥፍር የምታክል እንቁራሪት ሸምበቆው ላይ ተጣብቃ አጠገብዎ ታልፋለች። ሸረሪትም ጭን ላይ ይወድቃል፤ አይነሱ፣ በእጅዎ ጠረግ ያድርጉት።

ትልቁ ሕግ አለመነሳት ነው። የታንኳው ጠርዝ ከውሃው በላይ የሚቀረው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንድ ሰው ፎቶ ለማንሳት ወደ ጎን ሲዘም ውሃ ይገባል። ስልክዎን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ያድርጉ፤ ባርኔጣዎ ማሰሪያ ይኑረው።

ጉማሬን መፍራት ተገቢ ነው። ቀን ቀን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ስለሚውል ቀዛፊው ጥልቁን ቦይ ትቶ ጥልቀት በሌለው በኩል ይዞርበታል፤ ማቋረጥ ግድ ሲሆን ቆሞ ያዳምጣል። ከሰመጠ ጉማሬ ላይ መሄድ ወይም በእሱና በጥልቁ ውሃ መሃል መግባት ነው አደጋው። ቀዛፊው «እንመለስ» ካለ የከፈሉበትን ሰዓት እያነሱ አይከራከሩት። ማለዳ መውጣት የሚመረጠውም ነፋስ ሳይነሳ ነው።

ዋጋው እንዴት ነው? መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው ይቻላል?

ቦትስዋና ሆን ብላ ጥቂት ጎብኚ በውድ ዋጋ ማስተናገድን መርጣለች። በአውሮፕላን ብቻ የሚደረሱት ሎጆች በአንድ ሰው ለአንድ አዳር ከብዙ መቶ ዶላር ጀምሮ ከ1,000 በላይ ያስከፍላሉ። ምግብ፣ ታንኳና የመኪና ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ውስጥ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ለብቻው ክፍል ተጨማሪ ይጠየቃል።

ርካሹ መንገድ ማውን ላይ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ፣ በመንደር ማኅበራት በኩል የአንድ ቀን ወይም የአንድ አዳር ሞኮሮ መያዝ ነው። ብሩ ለቀዛፊዎቹ መንደር ስለሚገባ እኛ ይህን እንመርጣለን። በተጨማሪ የአንድ ሰዓት የአውሮፕላን ቅኝት ይጨምሩበት። የሚከፈለው ለአውሮፕላኑ እንጂ ለሰው አይደለም፤ አምስት ሆነው ቢካፈሉት ይቀላል። ሁለቱን ያደረገ ሰው ዴልታውን በደንብ አይቷል። መገበያያው ፑላ ነው፤ ብር ይዞ ሄዶ መመንዘር አይታሰብ።

መኪና ተከራይቶ ራስን ነድቶ መሄድ ይቻላል?

ይቻላል። መድረሻው የሞሬሚ ጥብቅ ክልል ነው፤ የአካባቢው የባታዋና ሕዝብ ራሱ አውሬው በአደን እንዳያልቅበት በ1963 የከለለው፣ የዴልታውን ምሥራቅና መሃል የያዘ ቦታ ነው። ከማውን እስከ ደቡቡ በር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሾሮቤ መንደር ድረስ አስፋልት፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ። ለማደር ከሆነ የማደሪያ ቦታ አስቀድሞ ካልተያዘ በሩ ላይ ይመልሱዎታል።

መኪናው ፎር ባይ ፎር ብቻ። መንዳት በግራ በኩል ነው። ነዳጅ ማውን ላይ ይሙሉ፣ ጀሪካንም ይያዙ፤ ሞሬሚ ውስጥ ማደያ የለም፣ አሸዋው ደግሞ ከአስፋልት እጥፍ ሊጠጋ ይበላል። የመጠጥ ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ያስቡ። ስኮርታ ሁለት፣ ክሪክ፣ ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ጣውላ፣ አካፋና ጎማ መንፊያ አይቅሩ።

አሸዋ ውስጥ የሚቆሙት ሰዎች አብዛኞቹ የሞተር ጉልበት አንሷቸው ሳይሆን ጎማ ሳያስተነፍሱ የገቡ ናቸው። ወደ 1.5 ባር ያውርዱት፤ ጎማው ሰፍቶ አሸዋው ላይ ይረግጣል። ወደ አስፋልት ሲመለሱ ሳይነፉ መፍጠን ጎማውን ያፈነዳዋል። መስጠም ከጀመረ ነዳጅ አይርገጡ፤ በረገጡ ቁጥር ጉድጓድ ይቆፍራሉ። በመጡበት ዱካ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይውጡ።

ሁለት ሌሎች ነገሮች አሉ። ረጅም ሣር ውስጥ ሲነዱ ዘሩ ራዲያተሩን ይደፍናል፣ ሣሩም ጭስ ማውጫው ላይ ተጠምጥሞ በእሳት ይያያዛል፤ በየሰዓቱ ወርደው ከሥር ይመልከቱ፣ ከመውረድዎ በፊት ደግሞ ዙሪያውን። ሁለተኛው የውሃ መሻገሪያ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን በእግር ገብቶ ጥልቀቱን መለካት ነበር፤ እዚህ ግን አዞ አለ። አዲስ የጎማ ዱካ ከማዶ ካልወጣ አይግቡ፤ የጥበቃ ሠራተኞቹን ይጠይቁ። በዝናብ ወቅት የሚገጥመው ጥቁር አፈር እንደ እኛው መረሬ ነው፤ ያንን የሚያውቅ ሰው ብዙ ማስረዳት አያሻውም። ከጨለመ በኋላ ሞሬሚ ውስጥ መንዳት ክልክል ነው።

ካምፖቹ አጥር አላቸው?

የላቸውም። ዝሆን በድንኳንዎ አጠገብ ያልፋል፣ ጅብ ይመጣል። ድንኳን ውስጥ ዚፑን ዘግቶ የተኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ ችግር የሚመጣው በሌሊት ከሚወጡና ምግብ ከሚያስቀምጡ ነው። ብርቱካንና ፍራፍሬ ድንኳን ውስጥ አይደር፤ ዝሆን ከሩቅ ያሸተዋል። ጫማ ውጭ ያደረ እንደሆነ ጅብ ይወስደዋል። ዝንጀሮና ጦጣ ደግሞ በቀን የመጡ ሌቦች ናቸው፤ የመኪና መስኮት ክፍት ትተው ዞር አይበሉ። ሽንት ቤት ከመሸ በኋላ ካስፈለገ መጀመሪያ ባትሪ አብርቶ ዙሪያውን ማየት ነው፤ የሚያበራ ዓይን ካለ ይቆዩ።

በጾም ወቅት ምን እበላለሁ? ምግብስ ይዤ መግባት እችላለሁ?

ከፍተኛው ወቅት ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የሐዋርያት ጾም አለ። ሎጆቹ ምግባቸውን ከማውን ከቀናት በፊት በመኪና ወይም በአውሮፕላን ስለሚያስመጡ ደርሰው ቢናገሩ ሰላጣና ድንች ብቻ ይቀርብልዎታል። ቦታ ሲይዙ «ቪጋን» ብለው ያስጽፉ፤ «ጾም ላይ ነኝ» ቢሉ ምንም የማይበሉ ይመስላቸዋል። ሐላል የሚበሉም እንዲሁ አስቀድመው ያሳውቁ።

ቋንጣና ንጥር ቅቤ ቤት ይቅር። ቦትስዋና ሥጋዋን ለውጭ ገበያ ስለምትሸጥ የእንስሳት በሽታን አጥብቃ ትጠነቀቃለች፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ሥጋና የወተት ተዋፅኦ ይወሰዳል። አገር ውስጥም መንገድ ላይ ኬላዎች አሉ፤ ከዴልታው ወደ ደቡብ ሲመለሱ ጥሬ ሥጋ ይወርዳል፣ ጫማዎን መድኃኒት የነካ ጨርቅ ላይ ይረግጣሉ። በሶ፣ ሽሮና ቆሎ የያዘ ሰው ሲጠየቅ አይደብቅ።

ወባ፣ ውሃና ዋና?

ዴልታው የወባ አገር ነው፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ግንቦት። ደጋ ያደገ ሰው ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ብቻ ወባ አይፈራውም፤ መከላከያ ኪኒን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መያዝ፣ ከተመለሱ በኋላም የታዘዘውን ቀን ሳያቋርጡ መጨረስ ይገባል። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከመጣ የት እንደነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩ። የቆላ ዝንብ የሚያመጣው የእንቅልፍ በሽታ ግን አሁን ስጋት አይደለም፤ በ2001 እና 2002 ከአውሮፕላን በተረጨ መድኃኒት ዝንቡ ከዴልታው ጠፍቷል።

ውሃው መስታወት ይመስላል፤ ቀዛፊዎቹም ጎንበስ ብለው ይጠጡታል። እንግዳ አፍልቶ ወይም አጣርቶ ይጠጣ። ዋና አይሞከርም፤ ውሃው ጥርት ብሎ ታችኛው አሸዋ ቢታይ እንኳ አዞ ከሸምበቆው ሥር ነው የሚተኛው።

ልጆችና አረጋውያን ይዞ መሄድስ?

ብዙ ሎጆች ከ6 ወይም ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀበሉም፤ ሞኮሮ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጠብቃሉ። ለአረጋውያን አስቸጋሪው ከታንኳው ወለል ላይ መነሳት ነው፤ ጉልበት ለሚያመው ሞተር ጀልባ ያለው ካምፕ ይፈለግ። ውስጥ ድረስ ሆስፒታል የለም፤ ሰው ቢታመም በአውሮፕላን ነው የሚወጣው፣ ይህንን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ከሌለ አይሂዱ።

የስልክ ኔትወርክም ከማውን እንደራቁ ይጠፋል። ካምፖቹ በሬዲዮና በሳተላይት ይገናኛሉ። ከመነሳትዎ በፊት የሎጁን ወይም የአስጎብኚውን የማውን ቢሮ ስልክ ቤት ላለ ሰው ይተዉ፤ አራት ቀን ድምፅዎ ካልተሰማ እናት ቤት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።